ቀጥ ብለህ ሂድ

እንግሊዞች «ስትሬት» የሚሏት ቃል አለቻቸው። ሳይታጠፉ ፊት ለፊት መሄድ ማለት ናት። የእንግሊዝኛ መምህር ነኝና ሰሌዳ ላይ ሳስረዳት ቀላል ናት። ከጎጃም ቆቦ እስክመደብ ድረስ የገባችኝ ይመስለኝ ነበር።

ምን ሆነ መሰላችሁ? ባለፈው መስከረም ትንሿ ልጄ ከጓደኞቿ ጋር ስትጓተት ክንዷ ወለቀ። ጎረቤቶቼ እዚህ ቅርብ፣ ሮቢት ከተማ፣ ጎበዝ ወጌሻ አለ አሉኝ። ልጅ ስታለቅስ አባት ምን አቅም አለው? ታቅፌያት ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ።

ሮቢት ወርጄ ሱቅ ደጅ የተቀመጡ ሽማግሌ ጠየቅሁ። «ቀጥ ብለህ ሂድ» አሉኝ። አመስግኜ መንገድ ስጀምር ዱላቸውን አንስተው ከፊቴ ቀደሙ። እንግዳ ብቻውን አይሄድም አሉ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ የልጄን ለቅሶ ስትሰማ ሽንኩርቷን ለጎረቤቷ ትታ መጣች። ያየን ሁሉ ተከተለ፤ አንድ ባለባጃጅም ባጃጁን አቁሞ በእግሩ ተቀላቀለን። ለምን አላሳፈረንም? ሰዉ በዝቷላ! ማንን ጭኖ ማንን ይተው?

ሁሉም «አብሽር፣ ደርሰናል» ይለኛል። የሚቆም ግን የለም። እንዲህ እንዲህ እያልን ከተማዋ አለቀችና ከማሽላ ማሳ ጋር ተፋጠጥን። ልጄ ማልቀስ እንኳ ደክሟት ታቃስታለች።

ያኔ ጋቢ የለበሰ ሰውዬ ከኋላ ተጠግቶኝ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ የሞተው ማን ነው አለኝ። ሰዉ ሲተም አይቶ ለቅሶ መስሎት፣ ምሳውን ትቶ ከደጁ ጀምሮ ተከትሎናል። እዚህ አገር መጀመሪያ ይከተላሉ፤ ጥያቄው መንገድ ላይ ይደርሳል። ኧረ ማንም አልሞተም፣ ወጌሻ ፍለጋ ነው አልኩት።

«ወጌሻው እኮ እኔ ነኝ!» አለ።

ለካስ ቤቱን አልፈነው ኖሯል። እዚያው ማሳው ዳር ቁጭ ብሎ፣ ስሟን እየጠየቃት ክንዷን ዳሰስ ዳሰስ አደረገና መለሰው። አንዴ ጮኸች። ከዚያ በዚያው እጇ የሽንኩርት ሻጯን ሻሽ ጎተተች። ሁሉም «አልሀምዱሊላህ» አለ፤ እኔ ክርስቲያኑም አብሬ አልኩ። አለቀስኩም። የዚያን ቀን ሰዎች እስከ ዛሬ ባመሰግናቸው አይወጣልኝም።

ስንመለስ ሽማግሌውን፣ አባባ፣ ቤቱን ካላወቁት ለምን አላውቅም አላሉኝም ብዬ ጠየቅኋቸው። ቆመው በትዝብት አዩኝ።

«የሚያውቅ ሰው አግኝተህ ቢሆን ኖሮ በጣቱ አመልክቶህ ይቀመጥ ነበር» አሉ። «እኔ አብሬህ የመጣሁት ስለማላውቅ አይደል?»