ቢጫዋ ወረቀት

(ንፋስ መውጫ። በስልክ የገበያ ወሬ ለመስጠት የተቋቋመ ድርጅት ቢሮ፤ አምስት አለቃና አንድ የሶፍትዌር መሐንዲስ አለው። መሐንዲሱ ጥላዬ ባዶ ግድግዳ ላይ አፍጥጧል። ዘበኛው ጋሽ ወልደማርያም መጥረጊያ ይዘው ቆመዋል።)

ጥላዬ፦ ቢጫዋን ነው የምልዎት! ከበሩ አጠገብ የነበረችውን!

ወልደማርያም፦ ሁሉም ቢጫ ነበር እኮ።

ጥላዬ፦ ማን ንቀል አለዎት?

ወልደማርያም፦ አንዱ አለቃ «እንግዳ ስለሚመጣ ግድግዳው ይጽዳ» አሉኝ። ሌላው «እንዳይነካ» አሉ። ሦስተኛው «በስብሰባ ይወሰናል» አሉ። እኔ መጀመሪያ የታዘዝሁትን ሠራሁ።

ጥላዬ፦ የሥራ እቅዳችን እኮ ነው! «የሚሠራ»፣ «እየተሠራ ያለ»፣ «ያለቀ» ተብሎ የተለጠፈ!

ወልደማርያም፦ «ያለቀ» ከሚለው ሥር ምንም አልነበረም። እዚያ ምንም አልነካሁም።

ጥላዬ፦ የቀረውስ የት አለ?

ወልደማርያም፦ ውጭ ሻይ የምታፈላው ብርቄ እሳት አንድዳ ሻይ አፈላችበት።

ጥላዬ፦ (ወንበሩ ላይ ዘፍ ብሎ) አለቀልን! የይለፍ ቃሉ በሩ አጠገብ በነበረችው ወረቀት ላይ ነበር።

ወልደማርያም፦ ምንድን ነው እሱ?

ጥላዬ፦ ለእርስዎ አይገባዎትም። ሥራችንን ሁሉ የሚከፍት ቁልፍ በሉት። ሠላሳ ፊደል ነው። ከእኔ በቀር የሚያውቀው ፍጡር የለም።

ወልደማርያም፦ ካወቅኸው ታዲያ ምን ቸገረህ?

ጥላዬ፦ ማወቁንስ አውቀዋለሁ፤ አላስታውሰውም እንጂ። ሁለቴ ተሳስቻለሁ፣ የቀረኝ አንድ ሙከራ ነው። እሱም ከሳተ ይቆለፋል። እንግዶቹ ሥራውን ካላዩ ደግሞ ቢሮው ዛሬውኑ ይዘጋል፤ እኔም እርስዎም ወደ ቤታችን።

ወልደማርያም፦ አለቆቹስ አያውቁትም?

ጥላዬ፦ ለጥንቃቄ አንድ ሰው ብቻ ይወቀው ተባለ። አምስቱም የተስማሙት በእሱ ብቻ ነው።

ወልደማርያም፦ ጧት ጧት እየጮህህ የምትጽፈው ነው?

ጥላዬ፦ አልጮህም! እንዳልሳሳት ቀስ እያልሁ አነበዋለሁ።

ወልደማርያም፦ በሩ ድረስ ይሰማል። «ጉና፣ ሰባት፣ ድንች...»

ጥላዬ፦ (ብድግ ብሎ) ምን አሉ?

ወልደማርያም፦ በቃሌ ይዤዋለሁ። ጋይንት ቤተ ልሔም የቤተ ክርስቲያን ዜማ ስማር የቃል ትምህርቱን በጆሮዬ ነው የያዝሁት። ብርቄንም ይህንኑ እያልሁ አስቀጽላታለሁ፤ እየተከተለችኝ ይዛዋለች። በግዕዝ ዜማ ልበልልህ በዕዝል?

ጥላዬ፦ በምንም ይሁን! ይበሉኝ፣ ልጻፈው!

ወልደማርያም፦ (ብዕሩን ቀምተው) ወረቀትማ የት እንደገባ አየህ። ይልቅ ቁጭ በል። እያልሁ ተከተለኝ። ሦስት ጊዜ ሳትስት ካልኸው በኋላ ኮምፒውተሩን ትነካካለህ።

(ጥላዬ መሬት ተቀምጦ እየጮኸ ይከተላል። ይስታል። ብርቄ ከውጭ ሻይ እየቀዳች ታርመዋለች። እንደገና ይጀምራል። በሩ ይንኳኳል።)

ጥላዬ፦ ጋሼ፣ እንግዶቹ!

ወልደማርያም፦ አንተ ቀጥል። (በሩን ገርበብ አድርገው) ደኅና መጣችሁ። ሥራው ዝግጁ ነው፣ ለጥቂት ጊዜ ታገሡን። መሐንዲሱ ገና ፊደል እየቆጠረ ነው።