ቅዱስ ዮሴፍ ከጓሮ ይውጣ ወይስ አይውጣ

የካማራታ ቤተሰብ የቅዱሳን በዓላት አዘጋጅ ኮሚቴ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ እሑድ ማርች 18፣ የቅዱስ ዮሴፍ በዓል ዋዜማ

ቦታ፦ ቡፋሎ ከተማ፣ የካማራታ ቤት፣ ታችኛው ፎቅ፣ የምግብ ጠረጴዛ ዙሪያ

ሰዓት፦ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተብሎ ተጠርቶ፣ የአባል ብሌዝ ካልሲ እስኪገኝ ዘግይቶ ተጀመረ።

የተገኙ፦
ዶሚኒክ ካማራታ፣ ሰብሳቢ፣ የልጆቹ አባት
ጃኒን ካማራታ፣ የልጆቹ እናት፣ የወጥ ቤት ኃላፊ
ጄማ፣ የስምንት ዓመት፣ አባል
ብሌዝ፣ የስድስት ዓመት፣ አባል
ዚታ፣ የአራት ዓመት፣ አባል (ከጠረጴዛው ሥር)
ኮንቼታ ካማራታ፣ ጸሐፊ፣ የሰብሳቢው አክስት፣ የላይኛው ፎቅ ነዋሪ። ዕድሜዋን ሙሉ የደብሩን ስብሰባ ስትመዘግብ የኖረች፣ የሰብሳቢውንም ሽንት ጨርቅ የቀየረች ናት። በደንቡ መሠረት ድምፅ የላትም።

ያልተገኙ፦ ቅዱስ ዮሴፍ። ምክንያት፦ በረዶው ከመግባቱ በፊት ጀምሮ ጓሮ ውስጥ ተዘቅዝቀው ተቀብረዋል።

አባል ዚታ ከጠረጴዛ ሥር መሆናቸው ምልዓተ ጉባኤውን ያጓድላል ወይ የሚል ጥያቄ ከአባል ብሌዝ ቀርቦ ነበር። እግራቸው ስለሚታይ እንደተገኙ ተቆጥሯል።

ለመዝገቡ ያህል፣ ቤቱ ለሽያጭ ቀርቧል። ሰብሳቢው ሻርሎት ከተማ የተሻለ ሥራ አግኝተዋል። እዚያ የታየላቸው ቤት ለአምስት ሰው ይበቃል፤ ጸሐፊዋ ስድስተኛ ናት። ለእርሷ እዚሁ ቡፋሎ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ፣ መስኮቱ መኪና ማቆሚያ የሚያሳይ ክፍል ተይዞላታል። ልጆቹ መዛወሩን እንጂ የጸሐፊዋን መቅረት አያውቁም። ከገና ጀምሮ "ነገ እንነግራቸዋለን" እየተባለ የመጣ ጉዳይ ስለሆነ በዛሬው አጀንዳ አልተያዘም።

አጀንዳ 1፦ የቅዱስ ዮሴፍን ሐውልት ለበዓሉ ስለ ማውጣት

ሰብሳቢው እንዳስረዱት፣ ቤት ቶሎ እንዲሸጥ ቅዱስ ዮሴፍን አናቱን ወደ ታች አድርጎ መቅበር የታወቀ ነገር ነው። ቤቱ ሲሸጥ ይወጣል፣ አዲሱ ቤት ውስጥም የክብር ቦታ ይሰጠዋል። "ገዢው ማክሰኞ ሊፈርም ነው። ሁለት ቀን ታገሡ እንጂ። አሁን አውጥተነው ሰውዬው ሐሳቡን ቢቀይርስ?" ብለዋል።

አባል ጄማ፣ "አባዬ፣ ነገ እኮ በዓሉ ነው። ሰው በራሱ በዓል ተዘቅዝቆ ይውላል እንዴ?" ሲሉ ጠይቀዋል። ሰብሳቢው ቅዱስ ዮሴፍ በሕይወት ዘመናቸው ሠራተኛ እንደነበሩ፣ አሁንም ሥራ ላይ እንዳሉ ገልጸዋል። አባል ጄማ በበዓል ቀን ሰው ማሠራት ኃጢአት መሆኑን በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል እንደተማሩ፣ ካስፈለገም አስተማሪያቸውን ለምስክርነት ለመጥራት ዝግጁ እንደሆኑ አሳውቀዋል።

አባል ዚታ ከጠረጴዛው ሥር፣ "ደም ወደ ጭንቅላቱ ይሄዳል" ብለዋል።

ወይዘሮ ጃኒን ደግሞ፣ "እኔ ደላላ ቅጠር አልኩህ እንጂ ቅዱስ ቅበር መች አልኩህ?" ሲሉ ተናግረዋል። ሰብሳቢው ይህ ቀደም ባለ ስብሰባ የተዘጋ ጉዳይ ነው ብለው አልፈውታል።

አባል ብሌዝ በዓሉ ጉድጓዱ አጠገብ እንዲከበር፣ የምስር ሾርባውም በቱቦ ወደ ታች እንዲወርድላቸው ሐሳብ አቅርበዋል። መሬቱ በውርጭ ድንጋይ ሆኗል በሚል ውድቅ ሆኗል። አባል ጄማ በበኩላቸው መደርደሪያው ላይ የቆሙት ቅዱስ እንጦንዮስ ለአንድ ቀን ይተኩ የሚል ሐሳብ አምጥተዋል። "እሱም እንደ ዮሴፍ ሐውልት ሕፃኑን ኢየሱስን ታቅፏል፣ አበባም ይዟል። የጎደለው ጺም ብቻ ነው።" ከረጅም ውይይት በኋላ ቅዱስ እንጦንዮስ የጥጥ ጺም ተለጥፎላቸው ቅዱስ ዮሴፍን እንዲተኩ በድምፅ ብልጫ ተወስኗል። አባል ዚታ ሁለቱንም እግር አውጥተው ተቃውመዋል፤ እንደ አንድ ድምፅ ተቆጥሯል።

ጸሐፊዋ አስተያየት እንዳላት ተጠይቃ፣ "እየጻፍኩ ነው" ብላለች።

አጀንዳ 2፦ ስለ ማዕዱ

ጊዜው ጾም በመሆኑ ሥጋ እንደማይኖር ተረጋግጦ፣ ወይዘሮ ጃኒን የሳርዲን ፓስታ አቅርበዋል። አባል ብሌዝ ሳርዲኑ ዓይን ዓይናቸውን እያያቸው መብላት እንደማይችሉ ተናግረዋል። ፓስታው ላይ የሚነሰነሰው የተጠበሰ የዳቦ ፍርፋሪ የአናጢው የቅዱስ ዮሴፍ ሰጋቱራ ምሳሌ እንደሆነ ሲነገራቸው፣ ጋራዥ ውስጥ እውነተኛ ሰጋቱራ ስላለ ዳቦ ማባከን አያስፈልግም ብለዋል። ሐሳባቸው በምስጋና ተትቷል።

ፓስታው ያለ ሳርዲን እንዲቀርብ ተወስኗል። ጸሐፊዋ፣ እናቷ ይህን ብትሰማ ከመቃብር ትነሣ እንደነበር እንዲመዘገብላት ጠይቃ፣ ተመዝግቧል።

አጀንዳ 3፦ የበር ማንኳኳቱ ልምምድ

እንደ ሲሲሊ አያቶቻችን ልማድ ልጆች ማርያምን፣ ዮሴፍንና ኢየሱስን ሆነው ሦስት በር ያንኳኳሉ። ሁለቱ በር "ቦታ የለም" ብሎ ይመልሳቸዋል፣ ሦስተኛው ያስገባቸዋል፣ ከዚያ ማዕዱ ይባረካል። አባል ጄማ ማርያምን፣ አባል ብሌዝ ኢየሱስን እንዲሆኑ ያለ ክርክር ጸድቋል። አባል ዚታ ዮሴፍን ካልሆንኩ ከጠረጴዛ ሥር አልወጣም በማለታቸው ጺሙ ከቅዱስ እንጦንዮስ ተነሥቶ ለእሳቸው ተሰጥቷል። የአጀንዳ 1 ውሳኔ "ያለ ጺም" በሚል ተሻሽሎ ጸንቷል።

አባል ብሌዝ አህያ ሳይኖር ማንም አያምነንም ብለው አህያ እንዲሾም ጠይቀዋል። ሥራ ያልያዘ ሰው ሲፈለግ ጸሐፊዋ ተገኘች። አባል ጄማ አክስትን አህያ ማለት ነውር ነው ብለው ቢቃወሙም፣ ሰብሳቢው ይህ የሥራ መደብ እንጂ ስድብ አይደለም ሲሉ ወስነዋል። ጸሐፊዋ የደብሩ ጉባኤም በዚሁ ስም ሲጠራት እንደኖረ፣ ይህኛው ጥሪ ግን በትሕትና የቀረበ የመጀመሪያው መሆኑን ገልጻ፣ ማንም እንዳይጋልባት በሚል ቅድመ ሁኔታ ሹመቱን ተቀብላለች።

ልምምዱ ከፊት ለፊቱ በር ተጀመረ። ውጭ በረዶ ይጥል ነበር። አባል ዚታ በሩን አንኳኩተው፣ "ደክሞናል፣ በርዶናል፣ ማደሪያ ስጡን" አሉ። ሰብሳቢው በሩን ከፍተው "ቦታ የለንም፣ ሂዱ" ማለት ነበረባቸው። "ቦታ" ብለው ጀምረው፣ ከልጆቹ ራስ በላይ ካፖርት ለብሳ የቆመችውን ጸሐፊ አዩና አቆሙ። አባል ብሌዝ ሰብሳቢው የረሱ መስሏቸው ቀሪውን በሹክሹክታ ነገሯቸው። ሰብሳቢው፣ "ቦታ የለንም" አሉ።

አባል ዚታ ከተጻፈላቸው ውጪ፣ "ለአህያዋም?" ሲሉ ጠየቁ።

አባል ዚታ ቀጥለው፣ "አዲሱ ቤት የአክስቴ ክፍል የቱ ጋ ነው? አንዱን መሳቢያዬን ባዶ አድርጌላታለሁ፣ ለካልሲዋ" አሉ። አባል ጄማም፣ "አባዬ፣ አክስቴ አብራን ነው አይደል የምትሄደው?" ብለው ጠየቁ። ጥያቄው ሁለት ጊዜ ለሰብሳቢው ቀርቦ፣ ሁለቱንም ጊዜ ሰብሳቢው ጫማቸውን አይተዋል።

ወይዘሮ ጃኒን ከውስጥ ሆነው፣ "በቃ ዶሚኒክ። ወይ ንገራቸው ወይ ተወው። እኔ ይሄን ይዤ መተኛት አቅቶኛል" አሉ።

ሰብሳቢው፣ "አክስቴ፣ ይግቡ በናትዎ፣ ብርድ ነው" አሏት።

ጸሐፊዋ፣ "ገና ሁለት በር ይቀረናል" አለች። ይህን ያለችው አዝና ነው። ለወራት አዝና ቆይታለች፤ ይመዝገብ።

ሰብሳቢው በነጠላ ጫማ ወደ ጓሮ ወረዱ። የፈላ ውኃ በማንቆርቆሪያ እያፈሰሱ በጠመንጃ መፍቻ መሬቱን መፈርፈር ጀመሩ። አባል ብሌዝ በኢየሱስነታቸው አመራር ሰጥተዋል። ቅዱስ ዮሴፍ በእግራቸው በኩል ሲወጡ አባል ዚታ ጭቃውን በራሳቸው ጺም ጠርገው፣ "ተነሥ፣ ነገ በዓልህ ነው" አሏቸው። ሰብሳቢው ተንበርክከው እንዳሉ፣ "አክስቴ፣ ማክሰኞ የሚፈረም ነገር የለም። ሻርሎትም ሌላ ሰው ይፈልጉ" አሉ። ቀጥለውም ጸሐፊዋ ድምፅ ይኑራት የሚል ሐሳብ አቅርበው፣ ወይዘሮ ጃኒን ደግፈውታል።

ውሳኔ

ከላይ በአጀንዳ 1፣ 2 እና 3 የተወሰኑት፣ ከሹመቶቹ በቀር፣ ሁሉም ተሽረዋል። ቅዱስ ዮሴፍ ቆመው ማዕዱ ራስ ላይ ይቀመጣሉ። ቅዱስ እንጦንዮስ እንደ ቀድሞው ጺም አልባ ሆነው ወደ መደርደሪያቸው ይመለሳሉ። ሳርዲኑ ይመለሳል፤ አባል ብሌዝ ዓይናቸውን ጨፍነው ይበላሉ። ቤቱ አይሸጥም። በዚህ ቤት ከእንግዲህ የመጀመሪያው በር ራሱ ያስገባል።

ውሳኔው በስድስት ድምፅ፣ ያለ ተቃውሞ ጸድቋል።

ስብሰባው ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አህያዋ ቀድማ እንድትገባ ተደርጎ ተዘግቷል።

ቃለ ጉባኤ ያዥ፦ ኮንቼታ ካማራታ፣ ጸሐፊና አህያ
አድራሻ፦ ላይኛው ፎቅ