ቀዩ ኩባያ

እኔ ዘይነባን በደልኳት። ወሬውን ማሳመር ሳልጀምር ይህን ያዙልኝ፤ ወግ ሲያምር ጥፋተኛው ይረሳልና።

ጅማ፣ መርካቶ አጠገብ ባለ መጋዘን ቡና ለቃሚዎች ነን። እጃችን ቡና፣ አፋችን ሰው ሲለቅም ይውላል። አንድ ጠዋት ዘይነባ ከጤና ጣቢያው የኤችአይቪ መመርመሪያ ክፍል ስትወጣ አየኋት። አይቼ ዝም አልኩ? እኔ! እስከ ምሳ ሰዓት መጋዘኑ በሙሉ ሰማ። በማግስቱ ሁላችንም ከምንጠጣበት ኩባያ ተለይቶ፣ ለእሷ ብቻ ቀይ የፕላስቲክ ኩባያ ተቀመጠላት። እሷም በቀዩ ጠጣች።

ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳይቀር ዘርግቼ የማነብ ሴት ነኝ። በኩባያ እንደማይተላለፍ ከሁሉም በፊት አውቅ ነበር። አለማወቅ ቢሆን ኖሮ እንኳ ምክንያት ይሆነኝ ነበር።

ከወራት በኋላ ተራው ደረሰኝ። ባሌ የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ ስለ እሱ የሰማሁት ነገር እንቅልፍ ነሳኝ። ጅማ ልመርመር? እኔን የመሰለች ሴት በሩ ላይ ብትኖርስ! ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ አጋሮ ሄድኩ። ብልጠቴን እዩልኝ፤ የገበያ ቀን ነበርና ግማሽ ጅማ አጋሮ ወርዷል።

የምርመራውን በር ስከፍት፣ ሰው የምትቀበለው በጎ ፈቃደኛ ዘይነባ ሆና ቁጭ! ለካ በዕረፍት ቀኗ እዚያ ታገለግላለች። እጇን ያዝኳት።

«ዘይኑዬ፣ ስሜን እባክሽ...»

«እትዬ፣ እዚህ ስም አይጠየቅም።»

ቁጥር ሰጠችኝ፤ ወደ ምክር ክፍሉ አስገባችኝ፤ እስክወጣ ደጅ ጠበቀችኝ። ውጤቴን ለእናንተ አልነግርም። የእሷንም አላውቅም፤ አልጠየቅኋትም። ይህችን ታህል ተምሬያለሁ።

በማግስቱ መጋዘን ውስጥ አንዷ፣ «ዘይነባ፣ ትናንት አጋሮ ማንን አየሽ?» አለቻት። እጄ ቡናው ላይ ደርቆ ቀረ።

«ሽንኩርት ተወዷል» አለች ዘይነባ፣ ቀና ሳትል።

ውሃ ልትጠጣ ስትነሳ ተከተልኳት። ቀዩን ኩባያ ከእጇ ወስጄ ጠጣሁበትና ጆሮዋ ሥር፣ «ይቅር በይኝ» አልኳት። ኩባያዋን ተቀበለችኝ፤ ለቃሚዎቹን አየች፤ እኔን አየች።

«ወላሂ እትዬ አስካለ፣ በሹክሹክታ አልቀበልሽም። ስታሚኝ ድምፅሽ እስከ በሩ ይሰማ ነበር።»