አጣሪ ኮሚቴው ራሱ ኬሚስትሪ የወደቀበት ስብሰባ

ቀን፦ የኬሚስትሪ ፈተና ውጤት በተለጠፈ ማግስት፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ 9፡00
ቦታ፦ ቤተ ሙከራ
የተገኙ፦ ርእሰ መምህሩ (ሰብሳቢ)፣ የኬሚስትሪ መምህሩ፣ የሒሳብ መምህርቷ፣ የወላጆች ተወካይ (ልብስ ሰፊ)፣ የተማሪዎች ተወካይ (የልብስ ሰፊዋ ልጅ)፣ ጸሐፊ (የታሪክ መምህር፣ እንደ ልማዱ ሳይጠየቅ የተመረጠ)።
ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ወንበር ስላልተሟላ ጸሐፊው ቆሞ ጽፏል።

አጀንዳ 1፦ ክፍሉ በሙሉ ስለ ወደቀበት ምክንያት

የኬሚስትሪ መምህሩ ተማሪዎች ጥያቄ አንብበው እንደማይጨርሱ፣ መለኪያ አሃድ እንደሚረሱ፣ ሞል ሲባል ፊታቸው እንደሚጠቁር በምሬት ገለጹ። የተማሪዎች ተወካይዋ የፈተናው ሰዓት እንደማይበቃ ተናግራ ማካካሻ ፈተና ለመነች። መምህሩ "ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች" አሉ። እናቷ ልጃቸው ስታጠና ማየታቸውን፣ መጽሐፉን አቅፋ ስታንቀላፋም ማየታቸውን መሰከሩ። ልጅቷ "እማዬ፣ ከማን ወገን ነሽ?" ማለቷ ተመዝግቧል።

ከረጅም ውይይት በኋላ የወደቀ ሁሉ ያለ ማካካሻ ዓመቱን እንዲደግም ተወሰነ። ልጅቷ አለቀሰች። ጸሐፊውንም ከፋው፤ ግን እጁን አውጥቶ ደግፏል።

አጀንዳ 2፦ ፈተናው ከባድ ስለ መሆን አለመሆኑ

የሒሳብ መምህርቷ አይቶ መፍረድ ይሻላል በማለታቸው አባላቱ እዚያው እንዲፈተኑ፣ ተወካይዋም እንድትቆጣጠር ተወሰነ። ሰብሳቢው አንገታቸውን ወደ ሒሳብ መምህርቷ ወረቀት ስላስረዘሙ ቦታ እንዲቀይሩ ተደረገ። ጥያቄ ሦስት ላይ እኩልታውን ማመጣጠን ስላቃተ ለድምፅ ቀረበ፤ የኦክስጅኑ ቁጥር ሁለት እንዲሆን በአራት ድጋፍና በአንድ ተቃውሞ ጸደቀ። ተቃዋሚው የኬሚስትሪ መምህሩ ነበሩ።

እርማቱ እንዳሳየው፣ ሰብሳቢው "ያልሆነው የቱ ነው" የሚለውን "የሆነው" ብለው አንብበው መልሰዋል። የሒሳብ መምህርቷ አሃድ ረስተዋል። ልብስ ሰፊዋ ስማቸውን አሳምረው ጽፈዋል። ጸሐፊው ሞል ላይ ሲደርስ ፊቱ ጠቁሯል። የኬሚስትሪ መምህሩ ራሳቸው ያወጡትን ፈተና ግማሹን እንኳ ሳይጨርሱ "አምስት ደቂቃ ጨምሪልኝ፣ ልጄ" ቢሉ፣ "መምህር፣ ሰዓት አልቋል፤ እስክሪብቶ ያስቀምጡ" ተብለዋል። ያለፈ የለም።

አጀንዳ 3፦ ልዩ ልዩ

ልብስ ሰፊዋ በመጀመሪያው ውሳኔ መሠረት ኮሚቴው ዓመቱን የሚደግመው በየትኛው ክፍል እንደሆነ ጠየቁ። ሰብሳቢው አሳላቸው። ልብስ ሰፊዋ "ጉድጓድ ስትምስ አርቀህ አትማስ፣ ማን እንደሚገባበት አይታወቅም ይባላል" ሲሉ አከሉ።

ስለዚህ የኦክስጅኑን ጨምሮ ዛሬ የተወሰነው ሁሉ እንዲሻር፣ ሰኞ ማካካሻ ፈተና በቂ ሰዓት ተመድቦለት እንዲሰጥ፣ ኮሚቴውም ከተማሪዎቹ ጋር እንዲፈተን በሙሉ ድምፅ ተወሰነ። ልጅቷ ዜናውን ለጓደኞቿ ልትነግር ሮጣ ወጣች፤ የደስታው ጩኸት ቤተ ሙከራ ድረስ ተሰምቷል።

ስብሰባው 11፡30 ላይ ተዘጋ። ጸሐፊው ሰኞ ፈተና ስላለበት ይህን ቃለ ጉባኤ ሳያርም ፈርሟል።