ወረፋ የተያዘለት መንጋጋ

ጠበቃው፦ ተነስ! በር አጠገብ የተቀመጠ ሰው ቀድሞ ይጠራል አላልኩህም?

አናጢው፦ ጋሼ፣ እዚህም ሆነን እኮ በሩ ይታያል።

ጠበቃው፦ አንተ ብታየው ምን ዋጋ አለው? እነሱ ናቸው አንተን ማየት ያለባቸው!

[የጥርስ ክሊኒክ መቆያ ክፍል ነው። ሁለቱም ጥገኝነት ጠያቂዎች ናቸው፤ መጠለያው ውስጥ አንድ ክፍል ይጋራሉ። አንደኛውን፣ ሳይጠየቅ የሰውን ሁሉ ጉዳይ ስለሚያስረዳ፣ «ጠበቃው» ይሉታል፤ ሻርፑን ጉንጩ ላይ ጠምጥሟል። ሌላው አናጢ ነው፤ ቃል ከአፉ በስለት ነው የሚወጣው።]

ጠበቃው፦ ስማኝ። ጉዳዩ ላልተወሰነለት ሰው ጥርስ መሙላት የለም። የባሰበትን ብቻ ያዩና ይነቅላሉ፣ በቃ። ዛሬ ካመለጠህ ደግሞ እስከ ክረምት ዘወር ብሎ የሚያይህ የለም።

አናጢው፦ ዛሬማ ማምለጥ የለበትም።

ጠበቃው፦ ታዲያ እንደ ሙሽራ እንዳትሽኮረመም። እስቲ እንለማመድ፤ እኔ ሐኪሙ ነኝ። የቱ ነው የሚያመው?

አናጢው፦ በግራ በኩል፣ የመጨረሻው መንጋጋ።

ጠበቃው፦ [ሻርፑን ጠበቅ እያደረገ] ግራ… እሺ። እንቅልፍስ ይነሳል?

አናጢው፦ እኔንማ ከነሳኝ ሰነበተ።

ጠበቃው፦ ሲያምስ ምን ያደርጋል?

አናጢው፦ ያስቃትታል። ግድግዳ ያስደበድባል። ትራስ ያስነክሳል።

ጠበቃው፦ እውነትህን ነው፣ ትራሱማ… [ደንገጥ ብሎ] ማለቴ፣ የታመሙ ሰዎች እንዲያ ይላሉ።

አናጢው፦ ጉንጭህን ምን ሆነህ ነው የሸፈንከው ጋሼ?

ጠበቃው፦ ብርድ ነው!

አናጢው፦ ብርዱ ግራውን ብቻ መርጦ መታህ?

ጠበቃው፦ አልጋዬ በመስኮቱ በኩል አይደል! ደግሞስ ማመልከቻዬ ሊታይ ሲል በሽተኛ መባል አልፈልግም። «ይሄማ ወጪ ነው» ብለው ቢመልሱኝስ?

አናጢው፦ በጥርስ?

ጠበቃው፦ አንተ የዋህ! ሰው በሳቁ እንኳ ይጠረጠራል።

[ነርሷ በሩን ገርበብ አድርጋ የጠበቃውን ስም ትጠራለች።]

ጠበቃው፦ ተሳስታ የእኔን ስም ጠራች! አንተ ግባ፣ እኔ ተከትዬ አስረዳልሃለሁ።

አናጢው፦ አልተሳሳተችም። ወረፋውን የያዝኩት በስምህ ነው። ጥርሱ ያንተ፣ የጠፋው እንቅልፍ የእኔ።

ጠበቃው፦ ጉዳዬን ገደልከው! አብረኸኝ እየበላህ!

አናጢው፦ ጠይቄያለሁ ጋሼ። ጥርስ የሚያዩትና ጉዳይ የሚያዩት ሰዎች አይተዋወቁም። እኔ ስንቴ ጥርሴን ተነቅዬ ይኸው አለሁ አይደል?

ጠበቃው፦ አንተ? ተነቅለህ?

አናጢው፦ [አፉን ይከፍታል፤ የኋላው ሁሉ ባዶ ድድ ነው] አንዱ ባመመኝ ቁጥር ሲነቅሉ ሲነቅሉ፣ ጉዳዬ ሳያልቅ መንጋጋዬ አለቀ። ያንተን አንዱን ብቻ ነው፤ ወደ ጎረቤቱ ሳይዛመት ግባ።

ጠበቃው፦ ወይ ጉድ! አንድ ክፍል እያደርን፣ አንድ ገበታ እየቀረብን፣ እንዴት አንድ ቀን ሳላይ ቀረሁ?

አናጢው፦ መቼ አፍ አስከፈትከኝ ጋሼ? በል ግባ፤ ዛሬ ከፍተህ ዝም የምትለው አንተ ነህ።