ድንበር ማዶ የታጠበ ሊብሬ

(ሉዊዚያና፣ ከጎርፉ አምስት ወር በኋላ። አልሲድ ትናንት የገዛውን ቀይ ፒክአፕ ይወለውላል። ይህ ሰው፣ እሱ እንደሚለው፣ ያልገባው ነገር የለም። ጎረቤቱ ኦዜም ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ «ቀስ ብሎ ነው የሚገባው» ይለዋል። ምስኪን፣ ሰው ሠራሽ ጥርሱን እንኳ ጎርፍ ወስዶበት በድዱ ነው የሚያኝከው።)

አልሲድ፦ አንተ ሰውዬ፣ ጎርፍ የገባበትን መኪናህን «የአደጋ» ተብሎ በተጻፈበት ሊብሬ ሸጥኩ ስትል ትንሽ አታፍርም?

ኦዜም፦ ውሃው ጣራው ድረስ ገብቶ እኮ ነው! ኢንሹራንሱም «ከእንግዲህ መኪና አይባልም» አለ። ምን ብዬ ልሽጠው?

አልሲድ፦ ንጹሕ ነው ብለህ ነዋ!

ኦዜም፦ ጭቃውስ?

አልሲድ፦ ኧረ በጌታ! ስማኝ፤ ንጹሕ ሊብሬ አለ፣ የአደጋ አለ፣ ተጠግኖ የተመረመረ አለ፣ ለብረት ብቻ የሚሆን አለ። የአደጋውን ይዘህ ድንበር ተሻግረህ ሌላ ስቴት ትገባና አዲስ ታወጣለህ። «የአደጋ» የምትለዋ ቃል ድራሿ ጠፋ! ታጠበ ማለት ነው።

ኦዜም፦ መኪናው?

አልሲድ፦ ስለ መኪናው ማን አወራ? ሊብሬው ነው እንጂ!

ኦዜም፦ ይሄን ለሌላ ሰው ነግረሃል?

አልሲድ፦ ያንተን ለገዛው ለጋስቶን። ክሬይፊሽ ቀቅለን ስንበላ አንድ በአንድ አስረዳሁት። አፉን ከፍቶ ነው የሰማኝ።

ኦዜም፦ ቀዩንስ ከማን ገዛህ?

አልሲድ፦ ድንበር ማዶ ካለ ነጋዴ። ሊብሬው እንከን አይወጣለትም! ነገ ልጄ ዜልማ ሁለቱን ሕፃናት ጭና እስከ ቴክሳስ ትነዳዋለች።

ኦዜም፦ የኔም ቁርጥ ይሄንኑ ይመስል ነበር። ሰማያዊ ነበር እንጂ።

አልሲድ፦ ደሞ ካንተ ጭቃ ጋር ታወዳድረዋለህ? ግባና ሽታውን እየው!

(ኦዜም ይገባል። ያስነጥሰዋል። እጁን ከወንበሩ ስር ሰዶ ሽቦ መሃል የተሰነቀረ ነገር ይጎትታል።)

ኦዜም፦ ጥርሴ!

አልሲድ፦ የማንም ጥርስ ሊሆን ይችላል!

(ኦዜም በሸሚዙ ጠርጎ አፉ ውስጥ ይከተዋል። ልክክ ይላል። አልሲድ መወልወያው ከእጁ ይወድቃል።)

አልሲድ፦ ወይኔ ልጆቼ! አውራ ጎዳና ላይ ፍሬኑ እምቢ ቢልስ? ነገ እኮ ነው!

ኦዜም፦ አይዞህ፣ እኔ በሚስቴ መኪና አደርሳቸዋለሁ።

አልሲድ፦ ቆይ፣ ያንን ደደብ ጋስቶን ማን ነው እንዲህ ያሠለጠነው?

(ኦዜም የጎኑን መስታወት ቀስ አድርጎ ወደ አልሲድ ፊት ያዞራል። ከአምስት ወር በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በሙሉ ጥርሱ ይስቃል።)

ኦዜም፦ ይኸውልህ፣ እሱን ጠይቀው። ያልገባው ነገር የለም።