ተገፍቶ የተነሳው ኮምፒውተር

(ያን እሁድ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ ሲያካፋ ውሏል። ልብስ ሰፊዋ እህት ሳሎን ውስጥ ቆማለች። ታላቅ ወንድሟ፣ ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሾፌር፣ ጃንጥላውን እንኳ ሳያጥፍ ጠረጴዛው ላይ ያለውን አሮጌ ኮምፒውተር ያንኳኳል። ይህ ኮምፒውተር እሁድ እሁድ ይበላሻል፤ ሾፌሩ መጥቶ ያድነዋል። የምታበላሸው ግን እሷው ናት። ጠዋት ጠረጴዛው ስር ያለውን የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ታጠፋለች፤ ወንድሟ ጎንበስ ሲል ደግሞ በእግሯ አውራ ጣት መልሳ ታበራዋለች። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ምክር የሚጠይቀው ሰው ስላጣ ነው እንጂ፣ እሷስ ይኼን ሁሉ ቲያትር ወዳው አይደለም።)

ሾፌር፦ ሞተ ማለት ሌላ፣ ደከመው ማለት ሌላ!

እህት፦ እኔ መቼ ሞተ አልኩ? አልነሳ አለ ነው ያልኩት።

ሾፌር፦ በስልክ «ሞተብኝ» ብለሽ ስትጮኺ ጥቁር ሸሚዝ ለብሼ መጣሁ እኮ!

እህት፦ ጋሼ፣ ሸሚዝህ ድሮም ጥቁር ነው።

ሾፌር፦ ድሮ ሰማያዊ ነበር። ዝም በይና የእጅ ባትሪውን ያዢልኝ። (ጆሮውን ኮምፒውተሩ ላይ ይለጥፋል) እህ... ካንዴላው ነው።

እህት፦ ኮምፒውተር እንደ መኪና ካንዴላ አለው እንዴ?

ሾፌር፦ እና በምርቃት ነው የሚነሳው?

እህት፦ ባለፈው እሁድ ፍሪሲዮኑ ነው ብለህ ነበር።

ሾፌር፦ ፍሪሲዮኑንማ አድሼዋለሁ! እሱ ሲታደስ ካንዴላው ቀና።

እህት፦ እንግዲህ ልጄ ቁርጡን ነግራኛለች። «ገመድ የሌለው አዲስ ይዤ እመጣለሁ፤ አሮጌው ካልተነሳ ዛሬውኑ ይጣላል» ብላለች።

ሾፌር፦ ገመድ የሌለው? በምን ሊያስሩት ነው?

እህት፦ ምን አውቄ። ጭን ላይ ነው አሉ የሚቀመጠው።

ሾፌር፦ ያን ሁሉ ዘመን ሕዝብ ሳመላልስ ጭን ላይ የተቀመጠ ሁሉ ሲያለቅስ ነው የማውቀው። (ይከፋዋል) ከፈለጋችሁ ቀይሩት! እኔም ቤቴ አርፌ እቀመጣለሁ።

እህት፦ ኧረ በሞቴ! ይጠገን! አዲሱን ማን ያውቅበታል?

(ሾፌሩ ጎንበስ ይላል። እህት ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከጠረጴዛው ስር ትሰዳለች። ማከፋፈያው የለም። ልጇ ከመውጣቷ በፊት ስትጠርግ ወደ ግድግዳው ገፍታዋለች።)

ሾፌር፦ ተነስ የኔ ጌታ... (ይጠብቃል) ተነስ እንጂ...

እህት፦ (በአንድ እግሯ ቆማ) ትንሽ ለምነው፣ ጋሼ።

ሾፌር፦ እየለመንኩት ነው። አንቺ ምን ያወዛውዝሻል?

እህት፦ ቁርጥማት ነው።

ሾፌር፦ አሃ! ብርድ ነዋ የመታው!

እህት፦ እኔን?

ሾፌር፦ አንቺን ማን ጠየቀሽ! ኮምፒውተሩን። ሹራብሽን አውልቂና አልብሺው።

(ታለብሰዋለች። አዝራሩንም አንድ በአንድ ትቆልፍለታለች፤ ልብስ ሰፊ ናትና ክፍት ትታ ማለፍ አይሆንላትም።)

ሾፌር፦ አማረበት።

እህት፦ ትከሻው ላይ ሰፋው።

ሾፌር፦ በይ ዝም! ተነስ...

(አይነሳም። እህት ጣቷን እስኪያማት ትዘረጋለች። አልደረሰችም። ደጅ ላይ መኪና ይቆማል።)

እህት፦ ጋሼ፣ ልጄ መጣች! አለቀልን!

ሾፌር፦ አንድ መላ ቀርቷል። ተገፍቶ ይነሳል።

እህት፦ ኮምፒውተር?

ሾፌር፦ አውቶቡስን የሚያህል ነገር ተገፍቶ ይነሳ የለ? ጠረጴዛውን ያዢ። ወደ ግድግዳው፣ በአንድ ላይ... ግፊ!

እህት፦ (እየገፋች) ሰው ቢያየን ምን ይለናል!

ሾፌር፦ ትንሽ ወደ ግራ... ጨምሪ... ቀስ... በቃ፣ ፍሬን ያዢ!

(የእህት ጣት ማከፋፈያውን አገኘ። ሹራብ የለበሰው ኮምፒውተር እያጓራ ተነሳ።)

ሾፌር፦ አላልኩሽም?

እህት፦ (በልቧ «ምስኪን» እያለች) አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር፣ ጋሼ!

ሾፌር፦ (ጃንጥላውን እያጠፈ) እሱስ እውነት ነው። ለሌላ ጊዜ ግን ቤቱ ሲጠረግ ማከፋፈያውን ወደ እግርሽ አስጠጊው። በየእሁዱ ጠረጴዛ የምገፋበት ወገብ የለኝም።

እህት፦ (ደንግጣ) ታውቅ ነበር እንዴ?

ሾፌር፦ ከመጀመሪያው እሁድ ጀምሮ! «ባሏ ከሞተ ወዲህ ሰው ናፍቋታል፣ አፍ አውጥታ ና ማለት ከብዷት ነው» ብዬ ዝም አልኩ። አለዚያማ ለአንድ ማብሪያ በዝናብ የምመጣው እብድ ነኝ?

እህት፦ እኔ እኮ... ጋሼ፣ እኔ እኮ ላንተ ብዬ ነው!

ሾፌር፦ ለኔ? (እስኪያስለው ይስቃል) ምስኪን!

(አዲሱ ኮምፒውተር አሁን ልጅቷ ክፍል ውስጥ ነው። አሮጌው ሳሎን ውስጥ አለ፤ እሁድ እሁድ ይበላሻል። እህት ዛሬም የእጅ ባትሪ ይዛ ጠረጴዛው አጠገብ ቆማለች። ማከፋፈያው እግሯ ስር ነው።)